ምድጃ በመስኮት ውስጥ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው)፣ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፣ ደብልዩ ጂ ቢ ኤች በተባለው የትምህርት ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ስለ አዳዲስ መጻሕፍት ውይይት በሚደረግበት ዝግጅት ላይ ቁመታቸው 188 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ አንዲት ወይዘሮ ቀርበው ነበር። ስማቸው ጁልያ ቻይልድ ይባላል፤ ለውይይቱ ያበቃቸውም ከሁለት ፈረንሳውያት ወዳጆቻቸው ጋር ብዙ ዓመት ደክመው ያዘጋጁትና በ1961 የታተመው የፈረንሳይ ምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው። ስለ ምግብ ተቀምጦ መነጋገር ብቻውን ደረቅ ነገር ስለ መሰላቸው፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ መጥበሻ፣ የእንቁላል መምቻና እንቁላል ይዘው ገቡ፤ ጠያቂያቸው የነበሩት የኮሌጅ መምህር እየተመለከቱም፣ በመብራቱ ፊት እንቁላሉን መትተው፣ ቅቤውን አግለው፣ መጥበሻውን እየነቀነቁ ኦምሌት ሠርተው አሳዩ። ከዚያ ቀን በኋላ ለጣቢያው 27 ደብዳቤዎች ደረሱት፤ የሁሉም ልመና እኒያ ሴት ተመልሰው ይምጡና ሌላም ነገር ሠርተው ያሳዩን የሚል ነበር።

ዛሬ አንድ ሰው በስልኩ የቀረጸው ምስል በአንድ ሌሊት በሚሊዮን የሚቈጠር ተመልካች በሚያገኝበት ዘመን 27 ደብዳቤ እንደ ኢምንት ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በአንዲት ከተማ የትምህርት ጣቢያ ላይ፣ ያውም ስለ መጻሕፍት በሚነገርበት ሰዓት ለታየች አንዲት ኦምሌት ያን ያህል ሰው ብዕሩን አንሥቶ መጻፉ ለጣቢያው ሹማምንት ታላቅ ምልክት ስለ ሆነላቸው፣ ሦስት የሙከራ ዝግጅቶች እንዲቀረጹ ፈቀዱ። ከዚያ የተነሣው ትምህርት፣ ቀጥሎም ትምህርቱን የተካው ትርኢት፣ ኋላም ትርኢቱን የተካው ውድድር፣ በመጨረሻም ወደ እጃችን መዳፍ የገባው አጭር ምስል፣ ምግብ ማብሰል በቴሌቪዥን መስኮት ያለፈበት ረጅም መንገድ ነው። ይህን መንገድ ለመመርመር ያነሣሣኝ አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ምግብ ማብሰል በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ወዲህ ባለፉት ሰማንያ ከሚበልጡ ዓመታት ውስጥ ከምግቡና ከአብሳዩ ይልቅ የተለወጠው የጊዜ ነገር መሆኑ ነው። ማብሰል ማለት እሳትንና ጊዜን በልክ ማስማማት ከሆነ፣ መስኮቱ ለጊዜ ያለው አክብሮት በቀነሰ መጠን የማብሰል ትምህርትነቱም አብሮ ይቀንሳል።

ከመጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን አብሳዮች አንዱ የፈረንሳይ ተወላጅ የነበሩትና በለንደን ከተማ የታወቀ ምግብ ቤት ያቋቋሙት ማርሴል ቡሌስታን ናቸው። ቢ ቢ ሲ አሌክሳንድራ ፓላስ ከተባለው ሕንጻ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1936 መጨረሻ ሲሆን፣ እርሳቸው በጃንዋሪ 1937 በካሜራ ፊት ቀረቡ፤ ያን ቀን ያስተማሩትም፣ የሚገርም ሆኖ፣ ኦምሌት ነበር። በዚያን ጊዜ የመቀበያው መሣሪያ ዋጋው ውድ ስለ ነበረና ሥርጭቱም ከለንደንና ከአካባቢዋ ስለማይርቅ፣ ትምህርቱን ያዩት ጥቂት ባለጸጎች ብቻ ናቸው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በቤታቸው ደመወዝተኛ ወጥ ሠሪ የነበራቸው እንደ ሆኑ መገመት አያስቸግርም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሥርጭቱን አቋረጠው፤ ቡሌስታንም ሰላሙን ሳያዩ በ1943 አረፉ።

በ1946 መስኮቱ እንደ ገና ሲከፈት የተረከቡት ፊሊፕ ሃርበን የተባሉ ጺማም ሰው ናቸው። በእንግሊዝ አገር ጦርነቱ ቢያልፍም የቀለብ እጥረቱ አላለፈም ነበርና፣ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ስኳሩ፣ እንቁላሉ ሁሉ በራሽን ካርድ የሚሸመት ሆኖ ቈይቶ ራሽኑ ፈጽሞ የተነሣው በ1954 ነው፤ በጦርነቱ ዓመታት እንኳ ያልተነካው ዳቦ ከ1946 እስከ 1948 በራሽን ተሰጥቷል። ሃርበን ሽርጣቸውን ታጥቀው ሲያበስሉ፣ ለምን እንዲህ ይሆናል የሚለውን ምክንያት ማስረዳት ይወዱ ነበር፤ ጥቂቷን ቀለብ ሳያባክን ለመጠቀም የሚፈልግ ሕዝብ የሚያደምጠውም እንዲህ ያለውን መምህር ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ጄምስ ቢርድ የተባሉት የምግብ ጸሐፊ በኤን ቢ ሲ ጣቢያ የ15 ደቂቃ ዝግጅት ጀመሩ፤ ወጪውን የሚሸፍነው አንድ የወተት ኩባንያ ነበር። ዝግጅቱ አንድ ዓመት ሳይሞላው በ1947 አበቃ፤ ከምስሉም ለትውልድ የተረፈ የለም። እንግሊዛዊቱ ፋኒ ክራዶክ ደግሞ ከ1955 ጀምሮ ለእራት ግብዣ የሚለበሰውን ረጅም ቀሚስ ለብሰው ከምድጃው ፊት በመቆም ማብሰል የመዓርግ ምልክት ሆኖ እንዲታይ አደረጉ። ተመልካቹ ከሚበስለው ይልቅ የምታበስለውን መመልከት የጀመረው ምናልባት በርሳቸው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ቦስተን ልመለስ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሊቆዩበት የሚገባው ስፍራ እርሱ ነውና።

ወይዘሮ ጁልያ ከልጅነታቸው ጀምሮ በወጥ ቤት ያደጉ ሴት አልነበሩም። በ1912 በካሊፎርኒያ ተወልደው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው በሲሎንና በቻይና አገለገሉ፤ ከባላቸው ከፖል ቻይልድ ጋር የተዋወቁትም በዚያ ነው። ባላቸው ለመንግሥት ሥራ ወደ ፓሪስ ስለ ተላኩ አብረው ሄደው፣ በ1949፣ በ37 ዓመታቸው፣ ለ ኮርዶን ብለ በተባለው የወጥ ቤት ትምህርት ቤት ገብተው ከሀ እስከ ፐ ተማሩ። ስለዚህ በጐለመሰ እጅ መማር ምን እንደሚመስል፣ ቢላዋ መጀመሪያ እንዴት እንደሚያስቸግርና ያልተሳካ ድስት እንዴት ልብ እንደሚሰብር ያውቁ ነበር፤ የመምህርነታቸው ኀይል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የጣቢያው ስቱዲዮ በ1961 በእሳት ተቃጥሎ ስለ ነበር፣ ሙከራዎቹ የተቀረጹት አንድ የጋዝ ኩባንያ ለደንበኞቹ ምድጃ በሚያሳይበት ወጥ ቤት ነው፤ መደበኛው ዝግጅት ሲጀመርም ወደ ካምብሪጅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ማሳያ ወጥ ቤት ተዛወረ። የነበሯቸው ሁለት ካሜራዎች ናቸው። የተቀረጸውን ምስል ቈርጦ መቀጠል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ነበር፣ አዘጋጁ ረስ ሞራሽ 28 ደቂቃውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ማቋረጥ ይቀርጹ ነበር፤ አንድ ነገር ቢወድቅ ወድቆ፣ ቢያርር አርሮ ለሕዝብ ይታያል ማለት ነው። ረዳት አዘጋጇ ሩት ሎክውድ ከካሜራው አጠገብ ቆመው የሚቀጥለውን ነገር የሚያስታውስ ጽሑፍ በካርቶን ላይ ያሳያሉ፤ ረዳቶች ከጠረጴዛው ሥር ተጐንብሰው የተጠቀሙበትን ዕቃ ይቀበላሉ፤ ባላቸውም፣ በመንግሥት መልእክተኛነት አገር ለአገር ሲዘዋወሩ የኖሩት ሰው፣ ሲያልቅ ድስቱንና ሳህኑን ያጥባሉ።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 የተሰራጨው የመጀመሪያው ትምህርት ቡርጎኝ በተባለው የፈረንሳይ አውራጃ ሥርዓት በቀይ ወይን ጠጅ የሚበስለው የበሬ ሥጋ ወጥ ነበር። ይህ ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ በምድጃ ውስጥ ይቆያል፤ ዝግጅቱ ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ምን ይደረግ? ወይዘሮ ጁልያ ያንኑ ወጥ በየደረጃው አስቀድመው ሠርተው ያስቀምጡታል፤ ጥሬው ሥጋ በአንድ ስፍራ፣ ተጠብሶ ወደ መረቁ የሚገባው በሌላ ስፍራ፣ በስሎ ያበቃው ደግሞ በምድጃው ውስጥ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ግን በመካከል ስንት ሰዓት እንዳለፈና በዚያም ሰዓት እሳቱ ምን ያህል እንደሚሆን ለተመልካቹ ይናገራሉ። ጊዜውን ያጥፉታል እንጂ አይሰርዙትም። የዚህን ጥበብ ታማኝነት ደጋግሜ አስቤ ሁልጊዜም አደንቃለሁ፤ በቤቱ የሚሞክር ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ቢጠብቅ የተነገረውን እንደ ፈጸመ እንጂ እንደ ተሳሳተ አይቈጥርምና።

ትምህርቱም ዝርዝር ነበር። ሥጋው ወደ መጥበሻው ከመግባቱ በፊት በወረቀት ተጠርጎ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ቡናማውን ቀለምና ከዚያ ቀለም የሚመጣውን ጥዑም መዓዛም አያገኝም። ብዙ ቁራጭ በአንድ ጊዜ መጨመርም ያንኑ ጥፋት ያመጣል፤ መጥበሻው ይበርዳል፣ ውሃው ይወጣል። እንዲህ ያለው ነገር በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን በመጽሐፍ ብቻ ያነበበው ሰው ቢያጠፋ አይፈረድበትም፣ በዓይኑ ያየው ግን አይረሳውም። ቴሌቪዥን ሽታንም ጣዕምንም ማስተላለፍ የማይችል ጐደሎ መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ለማብሰል ትምህርት ከመጽሐፍ የሚበልጥበት ስፍራ ይህ ነው፤ እጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ቀለም መቼ እንደሚለወጥ፣ ሲፈላ አረፋው ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ሲታወስ የኖረው ግን የድንች ቂጣው ነገር ነው። ወይዘሮ ጁልያ የተፈጨውን ድንች በመጥበሻ ጋግረው፣ ያለ መገልበጫ፣ በመወርወር ብቻ ሊያገላብጡት ፈልገው በድፍረት መጥበሻውን ሲያነሡ፣ ግማሹ ወደ መጥበሻው ተመለሰ፣ ግማሹ በምድጃው ላይ ፈሰሰ። ካሜራው አልቆመም። እርሳቸውም ሳይደነግጡ የወደቀውን በእጃቸው ሰብስበው ወደ መጥበሻው መለሱና፣ ሲገለብጡ ማመንታታቸው ጥፋቱን እንዳመጣ፣ በወጥ ቤት ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ ማንም ስለማያየው ማንሣትና መቀጠል እንደሚችል አስረዱ። ይህ ነገር በሕዝብ አፍ ሲዞር ውሎ አድሮ ዶሮ ከመሬት ወደቀ ወደሚል ተረት ተለውጧል፤ ዶሮ አልወደቀም፣ ወለል የነካም ነገር የለም። ተረቱ ግን ሕዝቡ ምን እንደ ወደደ ይመሰክራል። መምህሪቱ ስሕተትን ከነመድኃኒቱ አሳይተዋልና፣ ብዙ ሺህ ሰው በዚያች ደቂቃ ምክንያት ከምድጃው ፊት መቆም አልፈራም። ዝግጅታቸው እስከ 1973 ዘልቋል፤ በ1966 ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ተቀብለዋል፤ በካምብሪጅ የነበረው የቤታቸው ወጥ ቤትም ከነድስቱና ከነመስቀያው ተነቅሎ በዋሽንግተን በሚገኘው በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይታያል። በ2004፣ 92 ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ቀን ሲቀራቸው ዐረፉ።

ከርሳቸው በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ከ1969 እስከ 1971 በካናዳ በኦታዋ ከተማ ይቀረጽ የነበረው የግራሃም ኬር ዝግጅት በአዳራሽ የተቀመጡ ታዳሚዎች ነበሩት፤ አብሳዩ ወይን ጠጃቸውን ይዘው እየዘለሉ ገብተው፣ እየቀለዱ አብስለው፣ በመጨረሻ ከታዳሚዎቹ አንዱን ጠርተው አብረው ይበላሉ። ካሜራውም ያን ጊዜ ከድስቱ ተነሥቶ ወደ በዪው ፊት ሄደ። ጣዕምን ማስተላለፍ ያልቻለው መሣሪያ ቢያንስ የጣዕምን ደስታ በሰው ፊት ላይ ማሳየት እንደሚችል ተገነዘበ፤ ይህ ግኝት በኋላ ለመጣው ሁሉ መሠረት ሆኗል። በእንግሊዝ አገር ግን የትምህርቱ መንገድ ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ ዴልያ ስሚዝ ከ1973 ጀምረው በጸጥታ ያስተምሩ ነበርና፣ በ1998 እንቁላል መቀቀልን ራሱን ከመጀመሪያ ጀምረው ሲያስተምሩ አንዳንድ የሙያው ሰዎች ተቈጥተው ነበር፤ ሆኖም በአገሩ የእንቁላል ገበያ ከፍ አለ። ሕዝቡ ያፍር የነበረው ቀላል የተባለውን ነገር ለመጠየቅ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል።

ኖቬምበር 23 ቀን 1993 በአሜሪካ ፉድ ኔትዎርክ የተባለ፣ ሌሊትና ቀን ስለ ምግብ ብቻ የሚናገር ጣቢያ ተከፈተ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት የነበረው ነገር ሃያ አራቱንም ሰዓት መሙላት ሲኖርበት ብዙ ነገር መለወጡ አይቀርም። በመጀመሪያ ርካሽ የሆነው የማስተማሪያ ዝግጅት ሰዓቱን ሞላ፤ እየቈየ ግን የጣቢያው ሰዎች አንድ ነገር ተረዱ፤ ትምህርት በቀን ለቤት ባልትና ይመቻል፣ ማታ ከሥራ የደከመው ሰው ግን የሚፈልገው ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ነው። ወጥ አሠራር ማሳየት ደግሞ የሚያንጠለጥል ነገር የለውም፤ ወጡ እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። በ1997 የጀመረው የኤመሪል ላጋሲ የምሽት ዝግጅት ከሙዚቀኞቹና ከጭብጨባው ጋር መጣ፤ ነጭ ሽንኩርት ሲጨመር አዳራሹ ይጮኽ ነበር።

ልብ ማንጠልጠልን ወደ ምድጃው ያመጡት ግን ጃፓኖች ናቸው። ፉጂ በተባለው ጣቢያ በኦክቶበር 1993 የተጀመረው «የብረት አብሳዮች» ዝግጅት እስከ 1999 ቀጥሏል። የወጥ ቤት አደባባይ ተሠርቶ፣ ታኬሺ ካጋ የተባሉት ተዋናይ እንደ መስፍን ለብሰው ይቆማሉ፤ መጋረጃው ተነሥቶ የዕለቱ ቀለብ ይገለጣል፤ ባለሜዳው አብሳይና ተጋጣሚው በ60 ደቂቃ ውስጥ ከዚያ አንድ ነገር ብዙ ዓይነት ምግብ ይሠራሉ፤ ተራኪውም እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ያስተላልፈዋል። ይህን ዝግጅት አልነቅፍም፤ ሰዓቱ እውነተኛ ነበር፣ እጃቸውም ታላቅ ጥበብ ነበረው፣ ተራኪዎቹም የሚሠራውን ነገር ያስረዱ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ተገለበጠ። ለወይዘሮ ጁልያ የምግቡ ወዳጅ የነበረው ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ የአብሳዩ ጠላት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ውድድሮች ይህንኑ ሐሳብ አሰፉት። በእንግሊዝ አገር በ1990 ተጀምሮ በ2005 እንደ ገና የታደሰው «ማስተርሼፍ» ሥርዓቱ እየተሸጠ ከ60 በሚበልጡ አገሮች በየቋንቋው ተሠርቷል። በ2006 «ቶፕ ሼፍ»፣ በ2009 «ቾፕድ» ተከተሉ፤ በዚህ በመጨረሻው ተወዳዳሪው ምን እንዳለበት የማያውቀውን ቅርጫት ከፍቶ እርስ በርሱ የማይስማማ ቀለብ ያገኛል፤ ለዋናው ምግብ የሚሰጠውም ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። የነዚህ ዝግጅቶች ትክክለኛ ወጥ ቤት ያለው ከቀረጻ በኋላ በሚደረገው መቈራረጥ ውስጥ ነው። ብዙ ካሜራ የብዙ ሰዓት ምስል ይይዛል፤ ተወዳዳሪዎቹ ከሥራው በኋላ ለብቻቸው ተቀምጠው በዚያች ደቂቃ ምን እንደ ተሰማቸው ይጠየቃሉ፤ ያ ቃል ሽንኩርቱ በሚከተፍበት ምስል ላይ ይለጠፋል፤ ዳኛው ምላሱ ላይ ካደረገ በኋላ እስኪናገር ድረስ ዝምታው ይረዝማል። እንግዲህ ተመልካቹ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደ ተሸነፈ ያውቃል፤ ስጎው እንዴት እንደ ወፈረ ግን አያውቅም።

ማይክል ፖለን የተባሉት አሜሪካዊ ጸሐፊ በ2009 በጻፉት ታዋቂ ጽሑፍ፣ አሜሪካውያን በአማካይ በቀን 27 ደቂቃ ብቻ ለምግብ ማዘጋጀት እንደሚሰጡ፣ ይህም ወይዘሮ ጁልያ በመስኮቱ ከታዩበት ጊዜ ከግማሽ በታች እንደ ሆነ አመልክተው፣ ሕዝቡ ሌላው ሰው ሲያበስል ለማየት የሚቀመጠው ራሱ ከሚያበስልበት የበለጠ ጊዜ መሆኑን በሐዘን አስተውለዋል። ጥፋቱን ሁሉ በቴሌቪዥን ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ሴቶች ከቤት ውጭ ሥራ ይዘዋል፣ የተዘጋጀ ምግብም በየሱቁ ሞልቷል። ሆኖም ምግብ ማብሰልን እንደ ፍልሚያ እያየ የኖረ ሰው፣ በቤቱ ያለ ሰዓትና ያለ ዳኛ፣ ለልጆቹ ምስር መቀቀልን እንደ ታላቅ ሥራ መቍጠር ቢያቅተው አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ውድድር ሁሉ አንድ አይደለም። በ2010 በቢ ቢ ሲ የተጀመረው የእንግሊዞች የዳቦና የኬክ ጋገራ ውድድር፣ በመስክ በተተከለ ድንኳን ውስጥ፣ ተወዳዳሪው ተወዳዳሪውን ሲረዳ የሚታይበት ነው፤ ሊጥ ደግሞ እስኪነሣ መጠበቅ ግድ ስለሚል፣ ትዕግሥት ከዚያ ድንኳን ሊባረር አልቻለም። በ2015 ያሸነፉት የባንግላዴሽ ስደተኞች ልጅ ናዲያ ሁሴን በሚቀጥለው ዓመት የንግሥት ኤልሳቤጥን የ90ኛ ዓመት የልደት ኬክ ጋግረዋል። እንግሊዛዊው አብሳይ ጄሚ ኦሊቨርም በ2005 ለተማሪዎች የሚቀርበው ምግብ ምን ያህል የተዋረደ እንደ ሆነ ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሆነው ስላሳዩ፣ የእንግሊዝ መንግሥት 280 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገብቷል። መስኮቱ ሕዝብን ለበጎ ነገር ለማንቀሳቀስ ያለው ሥልጣን አላለቀም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአገራችን ልጅም ስፍራ አለው። በኢትዮጵያ ካሳሁን ጽጌ ተብሎ የተወለደው፣ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞተችበት ከእኅቱ ጋር በስዊድን አገር በጉዲፈቻ ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን፣ በኒው ዮርክ የታወቀ አብሳይ ከሆነ በኋላ በ2010 የታላላቅ አብሳዮችን የቴሌቪዥን ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያም በ«ቾፕድ» በዳኛ ወንበር ተቀመጠ። በ2018 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ በጀመረው ዝግጅቱ፣ በዋሽንግተን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ማዕድ ለብዙ ተመልካች አሳይቷል። እኔ ከውድድሩ ድል ይልቅ ይህ ሁለተኛው ሥራው ይበልጥብኛል፤ በውድድሩ የራሱን ጥበብ አሳየ፣ በሁለተኛው ግን የሌሎችን እጅ አከበረ።

በአገር ቤት ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1964 ሲሆን፣ የማብሰል ዝግጅት በብዛት የመጣው ግን የግል ጣቢያዎች ከተከፈቱ ወዲህ ነው። በፈረንሳይ አገር በሊዮን የተማሩት ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ በኢ ቢ ኤስ ሲያቀርቡት የኖሩት ዝግጅት ብዙ ቤት ገብቷል፤ ስለ ኢትዮጵያ ምግብ የጻፉት መጽሐፍም በ2020 የጄምስ ቢርድን ሽልማት አግኝቷል። ከ1946ቱ የ15 ደቂቃ ዝግጅት ምስል ባይተርፍም፣ የባለቤቱ ስም በሽልማት ሆኖ እስከ እኛ ማዕድ ደረሰ።

ዛሬ ግን ከጣቢያው ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው ስልኩ ነው። ከ2015 ወዲህ በዓለም ሁሉ የተስፋፋው አጭር ምስል ሁለት እጅ ብቻ ከላይ ያሳያል፤ ፊት የለውም፣ ቃልም የለውም፤ የሁለት ሰዓት ሥራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። በዋሽንግተን ወይም በሪያድ፣ በቴል አቪቭ ወይም በለንደን የምትኖር ወጣት ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ልትሠራ ብትነሣ፣ እናቷ በአዲስ አበባ ተኝታ ይሆናልና የምትጠይቀው ስልኳን ነው። ስልኩም ብዙ በጎ ነገር እንዳደረገላት ልመስክር፤ በየአገሩ ያሉ ሴቶች በገዛ ቋንቋችን፣ በገዛ ወጥ ቤታቸው፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር፣ ጤፍ በማይገኝበት ስፍራ በምን ዱቄት እንደሚተካ ያሳያሉ። ይህን የመሰለ አገልግሎት ማንም ጣቢያ አልሰጠም።

ነገር ግን አንድ ስፍራ አለ፣ እርሱም ቁሌቱ ነው። ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ ወደ ድስቱ ይገባል፤ ዘይትም ቅቤም ሳይነካው፣ ውሃውን ራሱ እያወጣ ራሱ እየመጠጠ፣ ሲይዝ ጠብታ ውሃ እየተረጨ ይቁላላል። መጀመሪያ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ይሸታል፤ ቀጥሎ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎም ከድስቱ ሥር መያዝ ሲጀምር ቀለሙ ይጠቍርና ሽታው ወደ ጣፋጭነት ይዞራል፤ በርበሬው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ በርበሬውም ጥሬነቱ እስኪጠፋ ድረስ እንደ ገና ብዙ መቁላላት ይፈልጋል። ያለ ቁሌት የተሠራ ዶሮ ወጥ፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ተሟልቶ ንጥር ቅቤውና መከለሻው ቢጨመርበትም፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል። በአጭሩ ምስል ግን ጥሬው ሽንኩርት ይታያል፣ ዓይን ሳይጨፈን ቀዩ ቁሌት ይታያል፤ በመካከል ያለፈው ሰዓት የለም። ወጣቲቱ ሃያ ደቂቃ አማስላ ቀለሙ ባይመጣላት፣ ያጠፋች መስሏት ዘይት ትጨምራለች፣ እሳት ታነዳለች፣ ታሳርራለች። የፈረንሳዩን ወጥ ሰዓት እያጠፉ ግን ሳይሰርዙ ያስተማሩት ወይዘሮ ለኛም ምግብ የሚበጅ ምሳሌ ትተዋል የምለው ስለዚህ ነው፤ የእኛ ምግብ ከፈረንሳዩም ይልቅ ከጊዜ የተሠራ ነውና፤ እርሾው ቀናት ይጠብቃል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታሽቶ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ።

ባልትናችን ደግሞ እንደ ቆሎ ተማሪ ትምህርት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በቃልና በዓይን ሲወርድ የመጣ ነው። መጠኑ በእፍኝ፣ በቁንጥርና በዓይን ግምት ነው፤ አብዛኛው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ የምታውቀው ሴት ስታልፍ አብሯት ያልፋል። በጎንደር የሚሠራው በሐረር አይሠራም፤ በጾመ ፍልሰታ የሚቀርበው ሽሮ በአንዱ ቤት ቅመሙ አንድ ነው፣ በሌላው ቤት ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ለመሰብሰብ ከቴሌቪዥን የተሻለ መሣሪያ አልተፈጠረም፤ መጽሐፍ ቀለሙን፣ የማማሰያውን አያያዝና የቁሌቱን ድምፅ ሊይዝ አይችልምና።

ስለዚህ ለጣቢያዎቻችን ሹማምንት የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ውድድሩንም ትርኢቱንም አቅርቡ፣ ግን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ፣ አንዲት ባለሙያ እናት ሽንኩርቱን ከመላጥ ጀምራ እንቁላሉ እስኪገባ ድረስ ስትሠራ አንድ ካሜራ ተክላችሁ ቅረጹ፤ ለመሥዋዕትነት የምትጠየቁት ጥቂት የማስታወቂያ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ቢታጠፍም ስንት ደቂቃ እንደ ታጠፈ ይነገር፤ ቢያርርም ያረረው ከነመፍትሔው ይታይ። ለአንባቢም የምለው ይህ ነው፦ እናትህ ወይም አያትህ በሕይወት ካለች፣ በሚቀጥለው በዓል ስልክህን ከመደርደሪያው ላይ አቁመህ፣ እፍኟ ስንት ግራም እንደሚመዝን ሚዛን አቅርበህ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጥ ቅረጻት፤ የምትናገረውንም ሁሉ ሳትቈርጥ አስቀምጠው።